አምስት ቤዝ፣ አንድ ትከሻ

ቤት ውስጥ ጫጩት የሚሏት ልጅ የመጨረሻውን ቤዝ ጊታር በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ሶፋው ላይ ስታጋድመው፣ አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መስኮቱን ያይ ነበር። ከመስኮቱ ውጪ ምን እንዳለ ቢጠየቅ ግን የሚመልስ አይመስልም። ከምሳ በኋላ አባቷ ይጫወትበት ከነበረው ባንድ ድራመሩ በመኪናው መጥቶ ቤዞቹን ይወስዳል። አራቱ ይሄዳሉ፣ አንዱ ይቀራል። የሚቀረውን የምትመርጠው እሷ ናት።

«አባዬ፣ አሁንም ልጠይቅህ። የትኛው ይቅር?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሁሉም ቢሄዱ ግድ የለኝም።»

«እማዬ አንዱ የግድ ይቅር ብላለች።»

«እናትሽ ካለች እንግዲህ አንዱን አስቀሪ። ደስ ያለሽን።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ከጥቂት ወራት በፊት አባቷ አንድ ጠዋት ሲነሳ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች ደንዝዘው አገኛቸው። ተኝቶባቸው መስሎት አራገፋቸው፣ አሻቸው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከራቸው። እንደደነዘዙ ቀሩ። ሐኪሞቹ ነርቭ ነው አሉ፤ በጊዜ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አሉ። ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ክሩን የጊታሩ አንገት ላይ የሚጫነው በግራ እጁ ነው። ጣቱ የት እንዳረፈ ካልተሰማው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራው የነበረውን ሥራ አፍጥጦም አይሠራውም።

ከዚያ ወዲህ ድንዛዜው ከጣቶቹ ወጥቶ ቤቱን በሙሉ ያዳረሰ ይመስላል። እናቷ ከምትሠራበት ፋርማሲ ትመጣለች፣ ራት ትሠራለች፣ ትተኛለች። ጫጩትም ትምህርት ቤት ሄዳ ትመለሳለች። ጓደኛዋ «ምን ሆነሻል? ሰሞኑን እኮ የለሽም» ስትላት «ምንም» ትላለች፤ ደግሞም እውነቷን ነው። ውስጧን ብትፈትሸው የምታገኘው ምንም ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን ይሄኔ ታለቅስ ነበር እያለች ራሷን ትታዘባለች። እንባው ግን አይመጣም።

ደህና በነበሩ ጊዜ በእነዚህ ቤዞች የተነሳ ቤቱ ውስጥ ያልተቀለደ ቀልድ አልነበረም። አባቷ አዲስ ቤዝ ይዞ በገባ ቁጥር እናቷ ወገቧን ይዛ «ለመሆኑ አንድ ሰው ስንት ትከሻ አለው?» ትለዋለች። እሱም ሳያፍር «አንቺስ ስንት እግር አለሽና ነው ቁም ሳጥኑን ጫማ የሞላሽው?» ይላል። «ቤዝም እንደ ጫማ ነው። ለሠርግ የሚሆነው ለሌላ አይሆንም።»

እውነትም ሁሉም የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው፤ የቤት ስምም ወጥቶላቸዋል። ነጯ «ሙሽሪት» ናት፤ ቀላል ስለሆነች ሠርግ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢያንጠለጥሏት ትከሻ አትቆርጥም። ባለ አምስት ክሩ «አምስቴ» ነው፤ ድምፁ ጉድጓድ የሚወርድ ዘፋኝ ሲመጣ ይወጣል። አንገቱ ላይ የብረት መስመር የሌለው ልሙጡ «ሸርተቴ» ይባላል። ቡናማው ከሚጫወቱበት ይልቅ የሚጠግኑት ጊዜ ስለሚበልጥ «በሽተኛው» ተብሏል፤ አሁን አሁን ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም። አምስተኛዋ ጥቁሯ «አሮጊቷ» ናት።

ጫጩት ለአባቷ አልነገረችውም እንጂ ምርጫዋን ካደረገች ቆይታለች። የምትቀረው አሮጊቷ ናት። አባቷ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ የሚያነሳት እሷን ስለነበረ ይሆናል።

ችግሩ፣ አሮጊቷ መልኳ አያምርም። ክሮቿ ጠቋቁረው፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ቅባት ጠጥተው ነበር። ስለዚህ ጫጩት በሳምንቱ መጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሄዳ አዲስ ክር ገዛች። ሻጩ «ቀጭኑን ውሰጂ፣ ለደከመ እጅ ይለሰልሳል» አላት። ክር መቀየር አባቷን እያየች የተማረችው ሥራ ነው፤ የሌሎቹን በየጊዜው ሲቀይር መወጠሪያውን የምታዞርለት እሷ ነበረች። የአሮጊቷን ሲቀይር አይታው እንደማታውቅ ግን ልብ አላለችም። አሮጌዎቹን በፒንሳ እየቆረጠች አውጥታ ከቤቱ ቆሻሻ ጋር ጣለቻቸው። አባቷ ምናልባት አንድ ቀን ሊሞክራት ቢያነሳት፣ ታጥባና ለስልሳ እንድትጠብቀው ነበር ሐሳቧ።

ድራመሩ ሲገባ በሩ ጠበበው። ከአባቷ ጋር በአንድ ባንድ ውስጥ ያረጀ፣ ግዙፍ፣ ዝምታ የማይወድ ሰው ነው። ገና ሲቀመጥ ጣቶቹ ጉልበቱን መደብደብ ጀመሩ።

«ነጎድጓድ፣ እንዴት ነህ?» አለ። አባቷ ሰው መሃል ድምፁ ስለማይሰማ የባንዱ ልጆች ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው።

«አለሁ።»

«እጅህስ?»

«አለ።»

«መኖሩንማ እያየሁት ነው...» ብሎ ጀመረና ተወው። ወደ ጫጩት ዞረ። «አንቺስ ጫጩት? ዶሮ ሆነሽ የለም እንዴ!»

ጫጩት ፈገግ አለች፤ ፈገግ ማለት ስላለባት።

ድራመሩ አራቱ ቤዞች ለማን ለማን እንደሚደርሱ አስቦ ጨርሷል። ሙሽሪትን የሚወስዳት በባንዱ ውስጥ አባቷን የተካው ወጣት ነው።

«እንዴት ነው ልጁ? ይጫወታል?» አለ አባቷ። በጨዋነት ነው የጠየቀው፤ እንደ ጎረቤት ጤና።

«ይሮጣል። አንተ ዝም የምትልበት ቦታ አለ አይደል? እሱ እዚያ ቦታ ላይ ስድስት ነገር ይጨምርበታል። ከኋላው ስሮጥ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

ድራመሩ ዝምታውን መቻል ሲያቅተው ተነሳና አሮጊቷን አንስቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «እሷንማ ሳልሰማ አልሄድም» እያለ ጥጉ ላይ ካለው ትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኛት። እንደ አባቷ ባይሆንም ጥቂት ይሞክራል። ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ መታው።

ድምፁ ማንኪያ ትሪ ላይ የወደቀ ያህል ጮኸ። ጠራ፣ አንጸባረቀ፣ ቆየም። ድራመሩ በመዳፉ ክሮቹን አፈናቸው።

«ክሯን ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጫጩት። «እንዲለሰልስ ብዬ።»

«የድሮዎቹስ?»

«ጣልኳቸው።»

«የት?»

«ቆሻሻው ውስጥ። ትናንት ሰብሳቢዎቹ ወሰዱት።»

ድራመሩ አሮጊቷን ከጭኑ አውርዶ አጠገቡ አጋደማት። ጣቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱን አልደበደቡም።

«ስሚ፣ የኔ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ። «እነዚያ ክሮች በዕድሜ ይበልጡሻል። አዲስ ክር ይጮሃል፤ እንደሰማሽው። ያረጀ ክር ግን አንዴ ‹ዱም› ይልና ፀጥ ይላል። ሰው የአባትሽን ቤዝ ሲሰማ የሚያውቀው በዚያ ነው። ስቱዲዮ ስንገባ ሌላውን ሁሉ መኪና ውስጥ ትቶ እሷን ይዞ ነበር የሚገባው። እኛ ‹ኧረ ክሯን ቀይርላት፣ ትሸታለች› ስንለው ‹ገና አልበሰለም› ይል ነበር።»

«ያረጀ ክር ተፈልጎ ቢገዛስ?»

«አይሸጥም። ክር የሚያረጀው በእጅ ነው።»

ጫጩት አንድ ነገር ተሰማት። ከወራት በኋላ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ስለነበረ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየች። እፍረት ነበር። ልኳልሽ ብላ ዓይኗን አጠፋቻት የሚሉት ለካ እንደዚህ ነው። አባቷን አየችው። ቢጮህባት፣ ቢያንስ «ምነው ብትጠይቂኝ!» ቢላት ፈለገች።

«ተዋት» አለ አባቷ ለድራመሩ። «ክር ነው። አልቅሼ አልመልሰው።» ቀጥሎም፣ እንደዋዛ፣ «በል እሷም ትሂድ። አዲስ ክር የሚወድ ልጅ መቼም አይጠፋም። እዚህ ተቀምጣ አቧራ ከምትጠጣ።»

«ሌላ ላስቀር?» አለች ጫጩት።

«ለምን?»

እናቷ በትከሻ አሳባ ስትጠይቅ የኖረችው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። ለአንድ ሰው ስንት ቤዝ ያስፈልጋል? ለዚህኛው ሰው፣ ምንም።

ቤዞቹን በየቦርሳቸው ከተው ወደ መኪናው ማውረድ ጀመሩ። ድራመሩ በአንዴ ሁለት ሁለት ይሸከማል፤ ጫጩት ከኋላው የቤዞቹን ገመዶችና የትርፍ ክር ካርቶኑን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። አራቱ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ሲጨርሱ፣ አሮጊቷ ብቻ ላይ በሩ ጋር ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ደረጃው ላይ ተመልሰው ሲወጡ ጫጩት ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ክር ለማርጀት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«እንደ እጁ ነው። በየቀኑ ከተነካ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ላቡ አለ፣ ቅባቱ አለ፣ የጣት ቆዳው አለ። ካልተነካ ግን የፈለገውን ያህል ቢቀመጥ ይዝጋል እንጂ አያረጅም።»

«የማንም እጅ ቢነካው ያረጃል?»

ድራመሩ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ሊያጽናናት የሚችል ነገር አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዋጠው። «ያረጃል። ድምፁ ግን የነኪው ነው የሚሆነው። የአባትሽ አይመለስም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ጫጩት ራሷን ነቀነቀች። ውሸት አለመሆኑ ደስ አላላትም፤ ቢሆንም የሚጨበጥ ነገር ነበር።

ቤት ሲደርሱ ድራመሩ ወደ ቦርሳው ጎንበስ ሲል ቀደመችው። አሮጊቷን አቅፋ ወደ ሳሎኑ ገባችና ቦርሳውን ከፈተች።

«እሷ አትሄድም» አለች።

«ማን ሊጫወታት?» አለ ድራመሩ።

«እኔ።»

«ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቤዙን ጭኗ ላይ አደረገችው። ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር፤ አንገቱ ወደ መሬት እየጎተተ ያስቸግራታል። በግራ እጇ አንዱን ክር ተጫነች፣ በቀኟ መታችው። ዝዝዝ አለ፤ እንደ ዝንብ። ቦታ ቀይራ ደገመችው። አሁንም ዝዝዝ። አፍራለች፣ ጣቷንም አሟታል። ድራመሩ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። አባቷ መስኮቱን ያያል።

ለሦስተኛ ጊዜ መታችው። በዚህ አባቷ ይነሳል፣ ይስቃል፣ ጣቱ ይሰማዋል ብላ አልነበረም። እንደዚያ ዓይነት ተስፋ አልነበራትም። ያበላሸችውን ነገር ሌላ ሰው ቤት ሄዶ ማንም ያስረጀው ብላ መልቀቅ ግን አልቻለችም። አራተኛ። አምስተኛ። ዝዝዝ።

«ጥፍርሽን ቁረጪ» አለ አባቷ።

ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም። ድምፁም ያው ነበር፤ ደረቅ፣ ዝቅ ያለ። ከወራት ወዲህ ግን ሳትጠይቀው እንዲህ አድርጊ ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

ጫጩት የግራ እጇን ዘርግታ አየችው። ጥፍሮቿን ለማሳደግ ስንት ወር ፈጅቶባታል። ሐምራዊ ቀለም ቀብታቸው፣ አንዱም ሳይሰበር እኩል አድገው፣ ክፍል ውስጥ የሚቀናባቸው ነበሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገስጻባቸዋለች፤ እናቷም ለምናት እምቢ ብላለች።

«ሁሉንም?»

«የግራ እጅሽን። በጥፍርሽ ነው እየተጫንሽው ያለሽው፣ በጣትሽ አይደለም።» ቀጥሎም፣ «አውራ ጣትሽን ተዪው። እሱ ከኋላ ነው የሚውለው።»

ድራመሩ ድምፅ ሳያሰማ በሩን ዘግቶ ወጣ። መኪናው ሲነሳ ተሰማ። ጫጩት ቤዙን በጥንቃቄ ሶፋው ላይ አጋድማ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፤ ጥፍር መቁረጫውን ይዛ ተመለሰችና ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከጠቋሚ ጣቷ ጀመረች።