የአውራው በግ ቀለም

መርማሪው በረቱ ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ ያሻሸው ጉልበቱን ነው። ጡረታው ደርሷል፤ ሬሳ ማየት ከሰለቸው ግን ዓመታት አልፈዋል። የዛሬው ሟች ሁለት የምርጫ ዘመን ፓርላማ የተቀመጠ በግ አርቢ ነው፤ ሰፈሩ እስከ ትናንት «የተከበሩ» እያለ ይጠራው ነበር። በአውራው በግ ጋጣ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተዘርሯል። አውራው አጠገቡ ቆሞ ያመሰኳል።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች የሟቹ ልጅ። ዓይኗ አብጧል። «አባቴ ማታ ማታ ጋጣውን ሲጠርግ አውራውን የማስረው እኔ ነኝ። ትናንት ረሳሁ። ወግቶ ገደለው።»

አንጀቱን በላችው። የሟቹን እጅ ገለበጠ፤ ጣቶቹን ቀይ ቀለም ነክቷቸዋል። የአውራው ደረትም ቀይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?» ሲል የሟቹን ሚስት ጠየቀ።

«በስሪያ ወቅት ደረቱን ይቀባዋል። የወጣባት በግ ጀርባዋ ላይ ቀለሙ ይቀራል፤ በዚያ ይለያቸዋል። ግን ትናንት ከሰዓት እንኳ ሰማያዊ ነበር። ቀለም በቀየረ ማታ ደግሞ አውራውን እናት በጎቹ ዘንድ ነው የሚያሳድረው።» በድካም ፈገግ አለች። «ለኛ መች ይነግረናል? ቤት ውስጥም የተከበሩ ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም መጥቶ መርማሪውን ጨበጠው። እጁ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

«አውራውን ማን ይይዘዋል?»

«እሱና ልጁ። እኔ ከነካሁት ዓመት አልፎኛል፣ ጌታዬ። እናቶቹን ብቻ ነው የማየው።»

መርማሪው እግሩን እየጎተተ ወደ እናት በጎቹ ሄደ። የብዙዎቹ ጀርባ ሰማያዊ ነው። የሦስቱ ግን ቀይ ነው፤ ሲነካው ጣቱ ላይ ቀረ።

ሳሎን ሰበሰባቸውና ከማንም ቀድሞ ተቀመጠ።

«ሟቹ ማታ አውራውን ቀይ ቀብተው እናቶቹ ዘንድ ለቀቁት። ከዚያ ባዶውን ጋጣ ሊጠርጉ ገቡ። ልጄ፣ የምታስሪው በግ እዚያ አልነበረም።»

«ታዲያ ጠዋት ጋጣው ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች ሚስትየዋ።

«ሰው ጎትቶ አመጣው፤ በበጉ ይሳበብ ብሎ። በግ ሲጎተት ደረቱ ይታቀፋል። ያ ሰው እጁን በጋዝ ታጥቧል፤ ከጥፍሩ ሥር ግን ቀለሙ አልለቀቀም።»

ወንድምየው እጁን ኪሱ ሊከት ሲል ሁሉም አዩት። ቀስ ብሎ መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እሱ ፓርላማ ሲያጨበጭብ በጎቹን የማዋልድ እኔ ነበርኩ» አለ። «ትናንት፣ እንደገና ልወዳደር ነው፣ መንጋውን እሸጣለሁ አለኝ። እኔ እለምናለሁ፣ እሱ ይጠርጋል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አካፋው አጠገቤ ነበር።»

«ይቺ ልጅ አባቴን ገደልኩ እያለች ስትኖር ዝም ልትል ነበር?» አለው መርማሪው።

ሰውየው ሁለት እጆቹን ዘረጋለት። መርማሪው ካቴናውን ሲያወጣ ደስታ አልተሰማውም፤ ቤቱ ገብቶ መተኛት ብቻ አማረው። ልጅቱ አሁን ገና ለራሷ ሳይሆን ለአባቷ አለቀሰች። በጎቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሚያያቸው አጥተው ይጮኻሉ። ልጅቱ ፊቷን ጠራርጋ መርማሪውንና አጎቷን እስከ በሩ ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣ ከበጎቹ መድኃኒት የምትወስደው የትኛዋ ናት?» አለችው አጎቷን።

«አንድ ጆሮዋ የተቆረጠው። ውሃ ሳትጠጣ ስጫት። ቀስ ብለሽ ያዣት፣ ትደነግጣለች።»

«እሺ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።