አይሙላላችሁ

ካራቫኑ እንደገና ውሃውን ተፋው። መጀመሪያ ሆዱ ውስጥ ጉልግል፣ ጉልግል አለ፤ ቀጥሎ የውሃው ጎማ ከታንከሩ አፍ ላይ ተፈናጥሮ ወጣና የካምፑን አለቃ ተሻለን ከኮፍያው እስከ ጫማው አራሰው።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ የቦኖው ሰልፈኛ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም። ከንጋት ጀምሮ እንስራና ጀሪካን ደርድረው የቆሙት ሴቶች ያ ሁሉ ውሃ አቧራው ላይ ሲንዠቀዠቅ እያዩ ይንጨረጨሩ ነበር።

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! የልጆቼ ጉሮሮ ደርቆ እነሱ መንገድ ያጠጣሉ!» ብላ አንዷ ጮኸች።

«አፍሽን ዝጊ!» አለ ተሻለ ፊቱን እየጠረገ። «ካራቫኑ ሳይሞላ አንዲት ጣሳ የሚቀዳ የለም። ብያለሁ!»

«አባትህ ነው ቦኖውን የተከለው?»

«በጃንሆይ አምላክ! ተረጋጉ!» አሉ የቦኖው ዘበኛ ጋሽ ጀምበሩ በትራቸውን ከፍ አድርገው። የሰማቸው ግን አልነበረም።

ደስታነሽ ከእናቷ ከዘርፈሽዋል አጠገብ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። እናቷ የመንገድ ቀያሾቹ ምግብ አብሳይ ናት። ካራቫን የሚሉት ይህ ባለ ጎማ ቤትም የቀያሾቹ ነው፤ በመኪና ይጎተታል፤ ውስጡ አልጋም ማብሰያም አለው፤ ጣራው ላይ ደግሞ ትልቅ የቆርቆሮ ታንከር ተገጥሞለታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ ሊወርድ ነው። ሚኤሶ ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ነገር አላየችም። ታንከሩ ባዶውን ከወረደ እዚያ ቆላ ውስጥ የሚጠጣ ጠብታ አይገኝም፤ ተሻለን ያሳበደውም ይኸው ነው።

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት የካራቫኑን መጋረጃ እሳት አስነክታ አቃጥላዋለች። ያን ቀን ተሻለ ጣቱን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ፣ «ከእንግዲህ ይህን ቤት አንድ ነገር ብታደርጊው፣ ወይ አንቺ ወይ ያቺ ልጅሽ፣ እንጀራሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ» ብሏታል። ለእነ ደስታነሽ ደግሞ እንጀራ ማለት እንጀራ ብቻ አልነበረም። የቤት ኪራዩም፣ ደብተሩም፣ የሰባተኛ ክፍል ትምህርቱም የሚወጣው ከዚያ ከካምፑ ድስት ነው።

«ጎማውን በሽቦ ጠፍረን አስረነው ነበር እኮ» አለ ሾፌሩ ግራ ገብቶት። «ከትናንት ወዲያ ደህና ይሞላ አልነበር? አሁን ምን ነካው?»

«ምንም አልነካው። ሰው ነው የነካው!» አለ ተሻለ። ዓይኑ ሰልፈኛውን ሲያስስ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። «አንተ! ና ወዲህ!»

አብዱልቃዲር የአህያዋን ገመድ እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የደስታነሽ የክፍል ጓደኛ ነው፤ ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ አህያዋ ላይ ጀሪካን ጭኖ በየቤቱ ውሃ ያዞራል። ትናንት ማታ የካራቫኑ መሰላል ላይ ወጥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲያይ ተሻለ ደርሶበት በእግሩ ጎትቶ አወረደውና በጥፊ አጮለው። ልጁም ሮጦ ከራቀ በኋላ ዞሮ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማው፣ «አይሙላላችሁ!» አለ።

አይሙላላችሁ! ሰው ሲናደድ የሚላት ነገር ናት። ነገራችሁ አይቅናላችሁ፣ አይሳካላችሁ ለማለት ነው። ማታ ሲላት ማንም ከቁም ነገር አልጣፋትም። ዛሬ ግን ታንከሩ እውነትም አልሞላ አለ።

«ትናንት ምን ነበር ያልከው? እስኪ ሰው ፊት ድገመው!» ተሻለ የልጁን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ።

«ማላን ጎዴ? ምን አደረግኩ እኔ?» አብዱልቃዲር ሲደነግጥ ኦሮምኛውና አማርኛው ይደባለቁበታል። «ዋላሂ አልነካሁም! ቤቱን ልይ ብዬ ነው የወጣሁት!»

«ታዲያ ለምን አይሙላላችሁ አልክ?»

«በጥፊ መተኸኝ ነዋ! ምን ልበል፣ እግዜር ይስጥልኝ ልበል?»

ደስታነሽ ደስ አላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በጣም ደስ አላት። ይሄ ልጅ ነው በዓመቱ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ «የካምፕ ፍርፋሪ» ብሎ የጠራት፣ እናቷ ከካምፑ የተረፈ ዳቦ በሻሽ ቋጥራ ስታመጣላት አይቶ። ስሙ ያን ቀን ተለጠፈባት፤ ይኸው እስካሁን ድረስ አለቀቃትም። ቄስ ትምህርት ቤት ያሉት ትንንሾቹ እንኳ «ፍርፋሪ መጣች!» ይሏታል። እሰይ፣ የእጁን ያግኝ፤ እሷ ምን ቸገራት!

ተሻለ ጎማውን መልሰው እንዲያስሩ አዘዘ። ቧንቧው ተከፈተ። ጉልግል፣ ጉልግል።

ያን ድምፅ ደስታነሽ የሆነ ቦታ ታውቀዋለች። ወዲያው ትዝ አላት፤ የዘይት ቆርቆሮ ነው። እናቷ አዲስ የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍት አንድ ቦታ ብቻ ከበሳችው ዘይቱ ጉልግል እያለ ያስቸግራታል። ስለዚህ ምስማሩን በሌላው ጥግ ትመታውና፣ «አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለነፋሱ» ትላለች። ነፋሱ ካልገባ ዘይቱ አይወጣም። እሺ፣ እንዲህ ከሆነ፣ ነፋሱ ካልወጣስ ውሃው የት ይገባል?

ክው ብላ ቀረች።

ትናንት ካራቫኑን ስታጸዳ ጣራው ላይ ወጥታ ነበር። ታንከሩ ላይ፣ ከትልቁ አፍ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታክል ቱቦ አፏን ከፍታ ቆማ አየች፤ ተርብ እየገባ ይወጣባታል። በእነ ደስታነሽ ቤት የውሃ ዕቃ ተከፍቶ አደረ ማለት ነውር ነው፤ እንስራው ካልተከደነ እናቷ ከመኝታዋ ቀስቅሳ ታስከድናታለች። እሷም ወርዳ ከማገዶው ውስጥ የበቆሎ ቆረቆንዳ አነሣችና ቱቦዋን ጥርቅም አድርጋ ወተፈቻት። የተረፈውን ጫፍም እንዳያስጠላ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ጎበዝ ልጅ ነኝ ብላ ነበር ያን ጊዜ።

ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ አሁንም ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ናት።

ማንም አላየኝም፣ አለች በሆዷ። ቀስ ብዬ ብነቅለውስ? ውሃው ይሞላል፣ ካራቫኑ ይሄዳል፣ ነገሩ ያበቃል። አብዱልቃዲርንም ይለቁታል፤ ጥፊው ብቻ ይበቃዋል።

ጎማው ዳግመኛ ተፈናጥሮ ቧንቧውን ዘጉት። «ጎማውን እኔ ላይ ሆኜ ልያዝላችሁ» አለች ለሾፌሩ፤ መልስ ሳትጠብቅም መሰላሉን ወጣች።

ከታች ጩኸቱ ብሷል። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሹ «ልጁን ልቀቀው!» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ በልጁ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል። ጋሽ ጀምበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ እርግማኑን ያንሳ። ሌላ ምን መላ አለ?» አሉ።

«እርግማን አይደለም! ንዴት ነው!» አለ አብዱልቃዲር።

«አንሳ ተብለሃል!» ተሻለ ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው።

ደስታነሽ ጣራው ላይ በሆዷ ተኝታ ቱቦዋን ስትጎረጉር ነበር። ቆረቆንዳው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ በጥፍሯ ብትለው በጄ አላለም። አንገቷን ደፍታ ብቅ ያለውን ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ሳበችው።

ከታች ልጁ በንዴት እያለቀሰ፣ «ይሙላላችሁ! በቃ፣ ይሙላላችሁ!» ብሎ ጮኸ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ቆረቆንዳው ተነቀለ። ቱቦዋ እፍፍ ብላ ታፍኖ የቆየ ሞቃት ነፋስ ፊቷ ላይ ለቀቀችባት። ጋሽ ጀምበሩ ቧንቧውን ከፈቱ። ውሃው ኮሽታ ሳያሰማ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ዝም ብሎ ገባ። ገባ፣ ገባ፣ ሞላና በትንሿ ቱቦ ተርፎ ጣራው ላይ ፈሰሰ።

ሰልፈኛው ወደ ልጁ ዞረ።

«በስመ አብ!» አለች አንዲት ሴት አማትባ። ሌላዋ «አዑዙ ቢላህ!» አለችና ልጇን ወደ ጉያዋ ጎተተች። ቅድም «ልጁን ልቀቀው» ስትል የነበረችው እንኳ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ሸሸች። ትናንት ከአብዱልቃዲር የገዛችውን ውሃ በጣሳ ይዛ የመጣች አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ጣሳዋን አየት አደረገችና፣ በዚያ በውሃ ችግር ቀን፣ ሙሉውን መሬት ላይ ደፋችው። ይህችኛዋን ባየ ጊዜ ልጁ ለቅሶውን አቆመ።

«አያችሁ?» አለ ተሻለ ፊቱ በርቶ። «በአፉ ዘጋው፣ በአፉ ከፈተው! ደጋሚ ነው! ጋሽ ጀምበሩ፣ ጣቢያ ይውሰዱልኝ። አህያዋ እዚህ ትቆይ።»

አህያዋን ካራቫኑ ላይ አሰሯት። ልጁን ጋሽ ጀምበሩ በክንዱ ይዘው ወሰዱት። ሲያልፍ ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ግን ለክብሩ አልነበረም፤ ልብሱ እንዳይነካቸው ነው።

ደስታነሽ ቆረቆንዳውን ጨብጣ ወረደች። እናቷ የተጨበጠ እጇን አየችና ሳብ አድርጋ ከካራቫኑ ጀርባ ወሰደቻት።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

ጣቶቿን ዘረጋች። «ቱቦዋ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የወተፍኩት እማዬ። ተከፍቶ እንዳያድር ብዬ።»

ዘርፈሽዋል ቆረቆንዳውን አየችው፤ ልጇን አየቻት። ከዚያ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ መልሳ አጠፈቻቸው።

«ጭቃው ውስጥ ጣይና ረግጠሽ ቅበሪው» አለች በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ አብዱልቃዲርን እኮ…»

«ነገ ይለቁታል! እኛን ማን ያበላናል? አንቺስ በምን ልትማሪ ነው?» ዞራ ወደ ተሻለ አጮለቀች። «እስቲ ለአንዲት ቀን እንኳ ስሚኝ፣ ልጄ።»

ደስታነሽ ወደ ጭቃው ሄደች። እጇን ዘረጋች። ልትጥለው ነበር። ነገ ይለቁታል፤ እውነት ነው። ነገ ይለቁታል፣ ሰኞ ክፍል ይገባል፤ እና ትንንሾቹ «ደጋሚ መጣ!» ይላሉ። ከዚያ ማን ውሃውን ይገዛዋል? ማን አጠገቡ ይቀመጣል? እሷ እንደሆነ የተለጠፈ ስም እንዴት እንደሚኖር ታውቃለች። ክፉ ልጅ ነው፤ ታኮርፈዋለች፤ አሁንም ትጠላዋለች። ቢሆንም እጇ አልጥልም አላት።

ዞረችና የአህያዋን ገመድ መፍታት ጀመረች።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?» ተሻለ ከወዲያ ጮኸ።

«አህያዋ ደግሞ ምን አጠፋች፣ ጋሼ?» አለችው፤ ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም።

«ዘርፈሽዋል! ልጅሽን ያዢ!»

«ደስታ!» አለች እናቷ። የተጣራችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደስታነሽ ሰምታታለች፤ ዞራ ብታያት ኖሮ ግን ትመለስ ነበርና አልዞረችም። አህያዋን እየሳበች ወደ ጣቢያው አቀናች። ተሻለ ከኋላዋ የሚለውን ሁሉ አለ፤ ሴቶቹም ለአህያዋ መንገድ ለቀቁላት።

አብዱልቃዲር የጣቢያው በር ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ምን ልታይ መጣሽ፣ ፍርፋሪ?»

«ዝም በልና አህያህን ያዝ» አለችና ገመዱን ወረወረችለት።

ጋሽ ጀምበሩን አልፋ ገባች። ተረኛው አሥር አለቃ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ «እ?» አላት። ደስታነሽ የረጠበውን ቆረቆንዳ ፊቱ ላይ አስቀመጠችው። የጥርሷ ምልክት አሁንም አለበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እርግማኑ ነው» አለች። «የወተፍኩትም እኔ ነኝ።»