የራስጌው ገመድ

እሑድ፣ ጥቅምት አሥራ አራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቆሟል፤ እኔ ገና ከዝናብ መግባቴ ነው። አውቶቡስ የምነዳበትን ካፖርት እንደለበስኩ ባገኘሁት ባዶ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። በስኮትላንድ ዳርቻ ባሉት የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይጻፍ ይታወቃል። እኔ ለወደቡ አዲስ ነበርኩ።

«የእናቴ ቦታ ላይ ነሽ» አለችኝ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ። ልብሷ ጢስና ዓሣ ይሸታል።

«ይቅርታ፤ የት ልሂድ?»

«የትም። እናቴ ከሞተች ቆየች፣ አትቆጣም። ጠጋ በይ።»

ጠጋ አልኩ። የመዝሙር መጽሐፏን ወደ እኔ አዘነበለችው። ድምፅዋ ጣሪያውን ያነሳዋል፤ ዜማ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ሳቄን ልደብቅ አንገቴን ስደፋ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ከስብከቱ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ስሟ ኤፊ ነበር። በሳምንቱ ቀናት ዓሣ በጢስ ታደርቃለች፣ እሑድ ሕፃናትን መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምራለች። ያን ክረምት እኔ የምነዳውን የማታ አውቶቡስ መሳፈር አመጣች። ቤቷ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነው፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ትሄዳለች።

«ቤትሽ አለፈ እኮ!»

«ሹፌሯን አታናግሩ ተብሎ ተለጥፏል። እኔ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

በጋ ሲገባ እንደምንዋደድ ለወንድሟ ለላክላን ነገረችው። ላክላን ባለጀልባ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ።

«ኃጢአት ነው፣ ኤፊ።»

«ዓሣ ስትመዝን የምታደርገውን ለእግዚአብሔር ልንገርብህ?»

«አትቀልጂ! መጽሐፉ የሚለውን ታውቂያለሽ።»

«ለልጆችህ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ? ላክላን፣ ጌታ ሲጠራኝ ማንን እንደምወድ ያውቅ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ተሳስቼ ነው አላለኝም።»

በሩን በላያችን ዘግቶ ሄደ። እኔ ፈራሁ። ወደ ከተማ፣ ማንም ወደማያውቀን ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አልኳት።

«የተጠመቅሁት እዚህ ነው» አለች። «እኛን ማየት ያልቻለ እሱ ይሂድ።»

በየእሑዱ በእናቷ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ ከኋላችን ያሉት ቦታ ቀየሩ። ከዚያ አንዳንዶቹ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያን እንደኛ ያሉትን ማጋባት በፈቀደች ጊዜ መጋቢ ኢኔስ፣ ቀጭን ሴት ናት፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት እጃችንን አያያዘችን። የዚያን ዕለት ባሕሩ ተናውጦ ነበር። ላክላን ግን ሠርጋችን ላይ ከመቀመጥ ማዕበሉን መርጦ ጀልባውን ይዞ ወጣ።

ከዚያ ኤፊን በሽታ ያዛት። ሲብስባት እንኳ አፏ አልታከተም።

በኛ ዘንድ የሬሳ ሣጥን የሚያወርዱት የሟች ሰዎች ናቸው። ስምንት ገመድ አለ፤ የራስጌው አንደኛ ይባላል፣ ለሟች ከሁሉ የቀረበው ሰው ይይዘዋል። ሁለተኛው የግርጌው ነው፤ እስከ አራተኛው ያሉትን ቤተሰብ ብቻ ይይዛቸዋል።

«የራስጌውን ለላክላን ከለቀቅሽ ተነስቼ ነው የምመታሽ» አለችኝ።

«ቢጣላኝስ?»

«ይጣላሻ! እንዳትለምኚው። እንዳታለቅሺም። የኔ ነው በይ፣ ያዢ።»

የቀብሩ ቀን ዘነበ። ሣጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደሙት ሳንቃዎች ላይ ተቀምጧል። ቀብር አስፈጻሚው ስም ጠራ፦ «አንደኛ፣ ሮና።»

ስደርስ ላክላን ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦታል።

«የእናቷ ልጅ እኔ ነኝ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ይቺ ምኗ ናት?»

ቀብር አስፈጻሚው ባርኔጣውን ማየት ጀመረ። መጋቢ ኢኔስ መጽሐፏን ዘጋች።

«ሚስቷ ናት፣ ላክላን። በእግዚአብሔር ፊት ያጋባኋቸው እኔ ነኝ።»

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

አዛውንቱ ታቪሽ አምስተኛውን ይዞ ነበር። በሠርጋችን ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የቀረ ሰው ነው። ገመዱን ሣሩ ላይ ጣለው።

«እኔ የሚስቷን ገመድ ከነጠቀ ሰው ጋር ሬሳ አላወርድም» አለ። «ዝናብ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ እጠብቃለሁ።»

ስድስተኛው ተጣለ። ከዚያ ሁሉም። የላክላን የገዛ ልጅ ኡና ሦስተኛውን ይዛ ነበር፤ አባቷን እያየች ለቀቀችው።

ስናገረው ያደርኩት ብዙ ንግግር ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጠጋ በል፣ ላክላን።»

ገመዱን ከእጁ አወረደና ወደ መካነ መቃብሩ በር ሄደ፤ የግርጌውን እንኳ አልያዘም። ያንን መጋቢ ኢኔስ ያዘች። ሰዎቹ ገመዳቸውን ከጭቃ አነሱ፣ ሳንቃዎቹ ወጡ፣ ኤፊን አወረድናት። አላለቀስኩም። ስንዘምርላት ሆን ብዬ ዜማውን አበላሸሁት።

ላክላን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላናገረኝም። ባለፈው መስከረም ሞተ። ኡና ደውላ አባቷ አራተኛውን ገመድ ሮና ትያዝ ብሎ መናዘዙን ነገረችኝ። ሄጄ ያዝኩት።