ለወይዘሮ ውዳሴ የተለካ መስታወት

በረንዳው በመስታወት ሊታጠር ነው ሲባል ሰፈሩ ሳቀ። «አቶ መኩሪያ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ተባለ። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ሀና ማርያም አካባቢ ፎቅ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ያለውም ቢሆን በረንዳውን የሚያጥረው በብሎኬት ወይም በብረት ነው። አቶ መኩሪያ ግን «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ምድር ቤቱን አከራይተው፣ ከባለቤታቸውና ከአንድ ልጃቸው ከሚካል ጋር ከላይ ይኖራሉ። መስታወቱም ለጌጥ አልታሰበም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዳሴ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ከአልጋ ወደ ባለጎማ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው ኑሯቸው። በረንዳው ከመኝታ ቤታቸው የሚወጣ ጠባብ ነገር ሲሆን፣ በጎንና በጎን የጎረቤት ግድግዳ ያያል፤ ከፊት ለፊቱ ግን የሀና ማርያም ጉልላትና ታቦቱ በከተራ ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በየዓመቱ በእግራቸው የሸኙትን ታቦት ዘንድሮ ተቀምጠው ማየት ነበር ምኞታቸው፤ ሌላ አልተመኙም።

በብሎኬት ቢታጠር፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከግንብ በቀር የሚታይ የለም። ክፍቱን እንዳይተዉት ደግሞ ወለሉ የዝናቡ ውኃ እንዲወርድ ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ጎማው ለአፍታ ቢለቀቅ ወንበሩ ቁልቁል ነው። አቶ መኩሪያ ለጊዜው ቆርቆሮ ቸነከሩበት። «መስታወቱ ሲመጣ ይነሳል» አሉ።

ሊለካ የመጣው ሮበሌ ይባላል። የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ከቀራቸው መሬት ላይ ላሞች ያረባሉ፣ እሱ መካኒሳ ካለ መስታወት ቤት ይሠራል። ጣቶቹ በጭረት የተሞሉ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ወጣት ነው። ቆርቆሮውን ነቅሎ ለልኬት ከፈተውና ሚካልን ጠራት።

«እስቲ እኔ የሜትሩን ጫፍ ልያዝ፤ አንቺ እስከዚያ ምሰሶ ሳቢና ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«አንድ ጊዜ ነው?»

«ከታችም፣ ከመሃልም፣ ከላይም። ምሰሶ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ያነክሳል። ከሦስቱ ትንሹን እንይዛለን፤ ለትንፋሽ ደግሞ ጥቂት እንቀንሳለን።»

«መስታወት ይተነፍሳል?»

«ካፈኑት ይሰነጠቃል» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ግን መቀነስም ልክ አለው። የበዛ ይቆረጣል፤ ያነሰ አይቀጠልም።»

ከውስጥ የወይዘሮ ውዳሴ ድምፅ ተሰማ። ምላሳቸው ቢከብድም ቀልዳቸው አልከበደም። «አንተ ልጅ! በረንዳውን ነው የምትለካው ወይስ ልጄን?»

«እንዳልሳሳት ብዬ ነው እማማ» አለ ሮበሌ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ሚካል ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። የጽሕፈት ትምህርቷን ትታ እናቷን ማገላበጥ ከጀመረች ወዲህ ወደዚያ ቤት የሚመጣው ወይ ጠያቂ ነው ወይ ቄስ፤ ሁለቱም ከንፈር መጥጠው ይሄዳሉ። ይሄኛውም ለክቶ ሊሄድ ነው። መስታወቱን ገጥሞ እጁን ታጥቦ፣ «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ።

የጎንና የጎኑን በትክክል ነገረችው። የፊት ለፊቱ ላይ ሲደርሱ ሜትሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።

«ስንት?» አለ ሮበሌ።

«ሁለት መቶ ሁለት» አለች።

መሃሉንም ላዩንም እንደዚያው። ጥምቀት ገና ሩቅ ነው፤ መስታወቱ ሲያጥር ተመልሶ ይመጣል፣ ይለካል፣ ሌላ ያመጣል፤ ሳምንት ቢዘገይ ማን ይጎዳል? እንዲህ ነበር ያሰበችው። ለመሄድ ሲነሳ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የሚደርስ ቀጭን እንጨት ቆርጦ ትከሻው ላይ አድርጓል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ልማዴ ነው» አለ።

በሳምንቱ መስታወቱ መጣ። የጎኖቹ ልክ ገቡ። ትልቁን ለሁለት ተሸክመው አውጥተው ሊያቆሙት ሲሉ ግን ከምሰሶው ሳይደርስ ቀረ። አቶ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለ ሮበሌ ፈጥኖ። «በደንብ አልለካሁትም። አስተካክዬ አመጣለሁ።»

ሚካል ሚስማሩን አቀበለች። ቆርቆሮው ተመልሶ ተቸነከረ።

ሁለቱም ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ያ ወፍራም መስታወት ከሱቁ የመጨረሻው ነው። ጦርነቱ ተጀምሮ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ሆኗል፤ መስታወትም ወረፋ ይጠብቃል። ሮበሌ መርካቶን አካለለ፣ ጎተራን አካለለ፣ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ «በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል ተብሏል» ይላል። ከዚያ ሚካል እስከ ታክሲው ድረስ ትሸኘዋለች።

እነዚያ ቅዳሜዎች ጣፋጭ ነበሩ፤ መካድ አይቻልም። ታክሲ መጥቶ ታክሲ ይሄዳል፣ እነሱ ቆመዋል።

«መስታወቱ ከተገጠመ በኋላስ ትመጣለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«መስታወቱን የሚያጣብቀው ሲሊኮን መያዙን ማየት አለብኝ።»

«ስንቴ?»

«በየሳምንቱ ነው የሚታየው።»

«እስከመቼ?»

ሮበሌ የነጠላዋን ጫፍ ያዘና ጭረት በሞላው ጣቱ ቀስ ብሎ ጠቀለለው። የታክሲው ረዳት «መካኒሳ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮሃል። ሁለቱም አልሰሙትም።

ወይዘሮ ውዳሴ በየጠዋቱ በሩ ሲከፈትላቸው ቆርቆሮውን ያያሉ። «ዛሬም ቆርቆሮ ነው፣ የኔ ልጅ?» ይላሉ። «ነገ ይመጣል፣ እማዬ» ትላለች ሚካል። ቆርቆሮውን ነቅለው፣ ወንበሩን ጨብጠው ይዘው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እንኳ ቢያሳዩዋቸው ይቻል ነበር። ነገ ለሚመጣ ነገር ግን ዛሬ ማን ሚስማር ይነቅላል? ነገ ዛሬ ሲባል ገና አለፈ።

በገና ሰሞን ወይዘሮ ውዳሴን ጉንፋን ያዛቸው። ወደ ሳንባቸው ወረደ። ከተራ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሚካልን ጠሯት።

«ታቦቱ አለፈ?»

«ገና ነው እማዬ። ታዪዋለሽ።»

ዓይናቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ። «በቆርቆሮው?» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ድንኳን ተተከለ። ሮበሌ ከአባቱ ጋር መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪሄድ ድረስ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ሚካል ስታለቅስ የሰሙ ሴቶች «ልጅ እንዲህ ነው እንጂ እናቱን የሚያለቅስ» አሉ። የምታለቅሰውን ግን ግማሹን እንኳ አላወቁም።

መስታወቱ የመጣው ከአርባው በኋላ ነው። ሮበሌ ግድግዳው ላይ አስደግፎት፣ ቆርቆሮውን ነቅሎ ጣለ። ብርሃኑ በበሩ ገብቶ ባዶው አልጋ ላይ አረፈ። ሚካል ጥቁሯን ለብሳ የበሩ ደፍ ላይ ቆማለች። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር» አለች። «አውቄ ነው ያሳሳትኩህ። ተመልሰህ እንድትመጣ።»

ሮበሌ አልደነገጠም። አለመደንገጡ እሷን አስደነገጣት። ካመጣቸው ዕቃዎች መካከል ያንን ቀጭን እንጨት መዝዞ በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል አስገባው። ልክ ሆነ።

«ሱቅ እንደገባሁ ቁጥርሽን ከእንጨቱ ጋር አስተያየሁት» አለ። «እንጨቱ በዛ። ሁልጊዜ የማምነው እንጨቱን ነው።»

«እና?»

«ባንቺ ቁጥር ቆረጥኩት።»

«ለምን?»

«እኔም ተመልሼ መምጣት ፈልጌ ነበር፣ ሚካልዬ።»

ሚካል ምሰሶውን ተደገፈች። የተናዘዘችው ይቅር የሚላት ሰው ፈልጋ ነው። በዓለም ላይ ይቅር ሊላት ይችላል ብላ ያሰበችው እሱን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አብሯት ሰርቋል። ወደደችው፤ ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ወደደችው፤ ፊቱን ማየት ግን አቃታት።

አቶ መኩሪያ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። የሮበሌን ትከሻ ያዙ።

«አትጸጸት ልጄ። መንገድ ተዘግቶ አንተ ምን ታደርግ ኖሯል? ውዳሴ ወዳህ ነበር። ‹ይሄ ልጅ ሽማግሌ ከላከ እንዳትመልሰው› ብላኛለች። አልመልስም።»

ለስንቱ ፍቅረኛ ያልተሰማ ቃል ነው። እነሱ ግን ቀና ብለው አልተያዩም።

ሮበሌ መስታወቱን ገጠመ። ደረጃው ሥር ሚካል ደረሰችበት።

«ልላክ?» አላት በዝግታ።

«ጥቁሬን ሳላወልቅ?»

«እሺ፣ ዓመቱ ይውጣ። በሚመጣው ከተራ ታቦቱን አጅቤ በዚህ አልፋለሁ። ቀና ብዬ አያለሁ። በረንዳው ላይ ከቆምሽ፣ በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልቆምሽ አላስቸግርሽም።»

«ሲሊኮኑንስ አታየውም?» አለች።

«ይይዛል» አለና ሄደ።

ዓመቱ ወጣ። ሚካል ጥቁሯን አወለቀች። በከተራ ጠዋት መስታወቱን በውስጥም በውጭም ወለወለችው። አባቷ ነጭ ቀሚሷን አይተው ደስ አላቸው፤ ነገሩን ጠርጥረዋል። ልትቆም ቆርጣ ነበር፤ ይህንን ለራሷ ደጋግማ ነግራለች።

ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ የእናቷን ባለጎማ ወንበር አወጣችና ጎማውን በድንጋይ አስደግፋ ተቀመጠችበት። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቷ ምን ያዩ እንደነበር ለማወቅ።

ሁሉም ታየ። ጉልላቱ፣ ጥላዎቹ፣ የካህናቱ ልብስ፣ መንገዱን ሞልቶ የሚወርደው ነጭ ሕዝብ፣ እልል የሚሉት ሴቶች ፊት ሳይቀር። ከዚያች ወንበር ይህን ያህል እንደሚታይ እስከዚያ ቀን አላወቀችም ነበር።

ሮበሌን ከሰዉ መሃል ለየችው። ከበረንዳው ትይዩ ሲደርስ ቆመ፣ ሰው እየገፋው ቀና አለ። ፀሐይ መስታወቱ ላይ አርፋለች፤ ከታች ለሚያይ ሰው ከሰማይ በቀር የሚታየው የለም። ሚካል የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨበጠች። ብትቆምና መስታወቱን ብትጠጋ ያያት ነበር። ጉልበቷ ግን እንደ እናቷ ጉልበት አልታዘዝ አላት፤ ወይም እሷ አላዘዘችውም።

ሮበሌ ታቦቱ እስኪያልፍ ቆየ። ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ከሰዉ ጋር ቁልቁል ወረደ።

አቶ መኩሪያ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል። «ይታያል?» አሉ።

«ሁሉም ይታያል፣ አባዬ» አለች።