ባዶህን ና

በጭነት መኪኖቹ ግቢ የስምሪት ሥራ የእሷ ነበር፤ ዕቃ አድርሰው ለሚመለሱ መኪኖች በስልክ የመልስ ጭነት ማፈላለግ። እሷ እያለች ባዶውን የሚመለስ መኪና የለም ይባልላታል። ከአንዱ በስተቀር።

እሱም አዲሱ ሹፌር የሚነዳው አሮጌ መኪና ነው። ሹፌሩ በመጀመሪያ ቀኑ የመውጫ ወረቀት ሊቀበል መስኮቷ ላይ ጎንበስ ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ወረቀቱን በግልባጩ ሰጠችው፤ እሱም በግልባጩ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ሲጠብቅ ሰው አገር እንዳይከርምባት፣ «ጭነት የለም፤ ባዶህን ና» ትለዋለች። እየበረረ ይመጣል።

«ምን ጭነህ መጣህ?»

«አቧራና ናፍቆት።»

«አቧራውን እዚያው አራግፍ!»

የመኪኖቹ ባለቤት፣ ያሳደጓት አጎቷ፣ ሞኝ አልነበሩም። «ይቺ አሮጊት መኪና ባዶዋን እየተመላለሰች ነዳጅ ትጠጣለች» አሉ። «እሸጣታለሁ፤ ልጁም ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጭነት አገኝላታለሁ!»

አገኘችም። መኪናዋ ካለችበት ወደ ባሰ ሩቅ ከተማ የሚሄድ ሲሚንቶ። ከዚያ ጥጥ፣ ከዚያ ቆርቆሮ። ጭነት ጭነትን እየጠራ ወሰደው እንጂ አንዱም ወደ እሷ አይመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እንዳይከፋው ብላም የመሸጡን ወሬ ሸሸገችው።

«ልምጣ?» ይላታል በስልክ።

«ይቺን ብቻ አድርስ፣ የኔ ጌታ።»

አንድ ቀን ድምፁ ዝሎ ደወለ። «ጭነቱ ይቅርብኝ። እንደ ድሮው ባዶህን ና በይኝና ልምጣ።»

አጎቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያዩዋታል። ና ብትለው እንጀራው ተዘጋ።

«ጨው... የሚጫን ጨው አለ» አለችው።

«እሺ» አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳላትም።

ክረምቱ ሲወጣ አሮጊቷ መኪና ግቢ ገባች። ልጅቷ ከቢሮዋ እየሮጠች ወጣች። ከጋቢናው የወረደው ግን የማታውቀው ሰው ነው።

«ሹፌሩስ?»

«ከወደቡ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሄደ። የስምሪቷ ልጅ አንቺ ነሽ?» ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ከእኔ ጭነቱን መረጠች አለኝ።»

ለማን ታስረዳ? የሚሰማት ሰው ባሕር ላይ ነው።

አጎቷ ሸራውን ገለጥ አድርገው ጢም ብሎ የሞላውን ጭነት አዩና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ጎሽ! አንቺ እያለሽ ባዶውን የሚመለስ መኪና የለም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።