ግማሹ ማስታወቂያ

ጠዋት የፊልም አዳራሹ ሲከፈት ግድግዳው ላይ የቀረችው ሚስትየዋ ብቻ ነበረች።

ማስታወቂያው ሁለት የዱቄት ጆንያ ጎን ለጎን ተሰፍቶ የተሳለ ነው። በአንዱ ላይ ተዋናይዋ አራባ ኳንሳ፣ በሌላው ተዋናዩ ባሏ ኮቢና። በዘመናቸው እነሱ ሲያልፉ በጋናዋ ከተማ ታኮራዲ መኪና ይቆም ነበር። ኮቢና ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አሁን ምስሉም የለም።

በሩ አልተሰበረም። ኢንስፔክተር ኤሲ ስፌቱን ዳሰሰችው። ምላጭ አልነካውም፤ ክሩ አንድ በአንድ ተተርትሯል።

«ባለፈው ሳምንት አንድ ፈረንጅ ሊገዛው መጥቶ ነበር» አለ የአዳራሹ ባለቤት ኦዱሮ። «ከሱ ሌላ ማን ሊሆን!»

«እሱ ቢሆን ሁለቱንም ይወስድ ነበር። ግማሹ ምን ያደርግለታል?»

ሰዓሊው ክዌሲ ሳቀ። «እኔም ዓርብ ነጭ ቀለም ልቀባው ነበር። ለአዲሷ ተዋናይ ፊልም ማስታወቂያ ጆንያ አጥሮኛል።»

«ይህን ለማን ተናገርክ?»

«ያልነገርኩት የለም። እትዬ አራባ እንኳ ‹የኔን ፊት ስትሸፍን እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ› ብለው አሾፉብኝ።»

አራባ ደጃፏ ላይ የተማሪ ልብስ ትሰፋ ነበር።

«እኔን ጠረጠርሽ? መስታወት ሳላይ ውዬ እንደማላውቅ አገር ያውቃል። ብሰርቅ ራሴን እሰርቅ ነበር እንጂ!»

ኤሲ አመነቻት። መንገዱን ተሻግራ ግን ዞር አለች። የአራባ መኝታ ቤት መስኮት መጋረጃ የዱቄት ጆንያ ነው። የወፍጮው ሰማያዊ ማኅተም ወደ መንገዱ ዞሯል። ማኅተሙን ለአላፊ አግዳሚ፣ ደህናውን ገጽ ለራሱ የሚያደርግ ማነው?

ተመለሰች። «እትዬ፣ መኝታ ቤትዎን ልየው?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ውስጥ፣ መጋረጃው ላይ፣ ኮቢና ከአልጋው ትይዩ ባርኔጣውን አዘንብሎ ቆሟል። አልጋው ላይ አሁንም ሁለት ትራስ አለ።

«በድሮው የአዳራሹ ቁልፋችን ገባሁ» አለች አራባ። «ማንም መልሺ አላለኝም።»

«ፎቶግራፍ የለዎትም?»

«በደንባችን ሟችን የሚወርሱት የእናቱ ወገኖች ናቸው፤ ንብረቱን ወሰዱ። ፎቶውም አብሮ ሄደ።»

«የራስዎንስ ለምን ተዉት?»

አራባ መነጽሯን አወለቀች። «ገበያ ላይ አንዲት ሴት ‹ያቺን ተዋናይ ትመስያለሽ› አለችኝ። ‹ይሉኛል› አልኳት። ግድግዳው ላይ ካለችው ልጅ ጋር ስንት ዓመት ታገልኩ! ይበቃታል፤ ትሂድ።»

ከሳጥኗ የታጠበና ጠርዙ የተሰፋ ባዶ ጆንያ አወጣች።

«ክዌሲን የጎደለው ጆንያ ነው፤ በኮቢና ፈንታ። ዛሬ ልወስድለት ነበር።»

ኤሲ ኮቢናን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እሱን ባለበት ትታ ባዶውን ጆንያ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

በሩ ላይ ስትደርስ አራባ ጠራቻት።

«የኔን ሲቀባ ከእግሬ ይጀምር በይው። ዓይኔን መጨረሻ ላይ ይሸፍነው።»