የደረቀው ጠርሙስ

አቶ ኪዳነወልድ የሞቱት እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ሆነው ነው። ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አበጥረው፣ ትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ወደ በሩ እንዳየ ቀርቷል።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ዘመኑም ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.። ከጁገል ግንብ ውጭ ያለው ሆስፒታል በጠያቂ ተሞልቷል። በየአልጋው ዙሪያ ዘመድ ተኮልኩሎ ያወራል፣ ያጎርሳል፣ ይመርቃል። በወንዶች የቀዶ ሕክምና ክፍል ጥግ ላይ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አዛውንት ሲሞቱ ግን አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

ለምርመራ የተጠራው መቶ አለቃ ሽፈራው አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ወፍራም ሰው ነው። ባልደረቦቹ በስንፍናው ይቀልዱበታል፤ ወንጀለኞች ግን ቀልደው አያውቁም። የሆስፒታል እሑድ አይወድም። ትርፍ አንጀቱን ባስወጣ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ተኝቶ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ያስለቀሰው ቁስሉ አልነበረም።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር በቀለ ቸኩሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የሲስተር ጽጌ ነው። ይህንን ይመልከቱ።»

ከአልጋው ሥር አንድ ትልቅ ጠርሙስ በጣቱ አሳየ። ከሟች ቀኝ ብብት በታች የወጣ የጎማ ቱቦ በቡሽ ክዳኑ አልፎ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል። ጠርሙሱ ባዶ ነው።

«ለእኔ ለመሀይሙ ያስረዱኝ» አለ ሽፈራው።

«የቀኝ ደረታቸውን ከፍተን መግል አወጣን። የቀረው እየወረደ እንዲያልቅ ቱቦ ተውንላቸው። የቱቦው ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ውሃ መጥለቅ አለበት። ውሃው ልክ እንደ ዘበኛ ነው፤ መግሉን ያስወጣል፣ አየር አያስገባም። ውሃ ከሌለ በተነፈሱ ቁጥር አየር በቱቦው ወደ ደረት ይገባል፤ ሳንባ ይጨመደዳል። ግራ ሳንባቸውን ነቀርሳ ከበላው ቆይቷል፤ የሚኖሩት በቀኙ ነበር።»

«ወዲያው ይገድላል?»

«የለም፣ ቀስ በቀስ ነው። ሰው ቢደርስላቸውና ቱቦውን ቆንጥጦ ቢይዘው ይተርፉ ነበር። ልጅቷ ጠዋት ጠርሙሱን ስትለውጥ ውሃ መጨመር ረስታለች። በቃ!»

ሽፈራው እጅጌውን ሰበሰበ። በስንት መከራ ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አነሣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ውስጡ ጠብታ የለበትም፤ ውጩም ተወልውሏል። ከዚያ ወደ ሬሳው ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ መግል የሚወርድለት በሽተኛ ሽቶ ሽቶ ይላል። ከራስጌው ባለችው ጠረጴዛ ላይ የውሃ ማንቆርቆሪያና በሽተኞች ነርስ የሚጠሩባት ትንሽ ደወል አሉ። ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው።

ሲስተር ጽጌን ያገኛት አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ እጇን ጭኖቿ መሐል ቀብራ ተቀምጣለች።

«ሊያስሩኝ ነው?»

«እስካሁን ያሰረሽ ወሬ ብቻ ነው። ጠዋት ምን አደረግሽ?»

«ጠርሙሱን ለወጥኩ። ውሃውን እስከ ፕላስተሩ ድረስ ሞላሁ። ልኩን እንዳልስት ሁልጊዜ ጠርሙሱ ላይ ቁራጭ ፕላስተር እለጥፋለሁ። ማርያምን፣ ሞልቻለሁ!»

«ከዚያስ?»

«ማሕፀኗ የተቀደደ ወላድ መጣችና ሁላችንም ወደዚያ ሮጥን። ስመለስ...»

«ሟች ጠዋት ያሉሽ ነገር አለ?»

«‹ልጄ ዛሬ ልትመጣ ነው፤ ይህን ነገር ለጥቂት ጊዜ አንሽልኝ› አሉኝ። አይቻልም አልኳቸው።»

«ለምን እንደማይቻልስ?»

ጽጌ አንገቷን ደፋች። «አልነገርኳቸውም። ‹አይነካም› ብቻ ብዬ ሄድኩ። ለዚህ ክፍል እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ በሽተኛው ብዙ ነው።»

ከሟች ቀጥሎ፣ በነጭ መጋረጃ ተከልለው የተኙት አው ዐብዱልገኒ ናቸው፤ በጁገል የታወቁ መጽሐፍ ጠራዥ። አንጀታቸው ተጠማዞ ሆዳቸው ከተከፈተ ገና ዐሥር ቀናቸው ነው። ሲያስሉም ሲናገሩም ስፌቱን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ።

«አላህ ይርሐመው» አሉ። «ደህና ጎረቤት ነበር። እኔን ሊጠይቅ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሲመጣ፣ እሱ ፊቱን አዙሮ የተኛ ይመስላል። አይተኛም ነበር፣ ወላሂ።»

«ዛሬ ማን መጣባቸው?»

«ማንም። በመጋረጃው ሥር ያለፈ እግር አላየሁም።»

«የሰሙት ድምፅስ?»

አዛውንቱ አመነቱ። «ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ለሶላት ሊታጠብ ዉዱእ የሚያደርግ መሰለኝ፤ ኋላ ‹ክርስቲያን አይደል እንዴ› ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ስፌቴ ቀጣኝ።»

«ሽቶውንስ ማን ሰጣቸው፣ አው ዐብዱልገኒ?»

የአዛውንቱ ፊት አመድ መሰለ። ከትራሳቸው ሥር ትንሽ የዒጥር ሽቶ ብልቃጥ አወጡ። እንባቸው ቀድሟቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ደረቱ የታመመ ሰው ይህን ሲያሸት ትንፋሹ ተዘጋ። አስተግፊሩላህ! ለነርሷ ልናገር ስል ፈራሁ።»

«ሽቶ ሰው አይገድልም፤ ቢገድል ኖሮ የሽቶ ነጋዴው ሞልቶ የሚተርፈው የጊደር መጋላ ገበያ ዛሬ ባዶውን ነበር» አለ ሽፈራው ቀስ ብሎ። «ልጃቸው ከዚህ በፊት መጥታለች?»

«ባለፈው እሑድ መጣች። ተጣልተው ዓመታት ሆኗቸው ነበር አሉ። ግን ብዙ አልቆየችም። ሽታው ከባድ ነበር።»

የሟችን ልጅ፣ ወይዘሮ ብርነሽን፣ ያገኛት ኮሪደሩ ላይ ነው። ከድሬዳዋ መጥታ አባቷን ሞተው ያገኘች፣ ጮኻ ሰው የሰበሰበች፣ ሲስተር ጽጌን «ነፍሰ ገዳይ» ብላ ፖሊስ ያስጠራች እሷው ናት። ዓይኗ ቢያብጥም ንግግሯ ስለት ነው።

«ያቺ ልጅ ሳትታሰር ከዚህ አልነቃነቅም።»

«ከአባትዎ ጋር ያጣላችሁ ምን ነበር?»

«ሾፌር አገባሁ። አባቴ ሾፌር አይወድም። በቃ። ታሞ ደረቱ ተከፈተ ሲሉኝ ቂሙን ትቼ መጣሁ።»

«ዛሬስ መቼ ደረሱ?»

«አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘገየ። ሸዋ በር እንደወረድኩ በቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣሁት።»

ሽፈራው አመስግኖ አለፈና አውቶቡሱ መቼ እንደገባ እንዲያጣራ አንድ ፖሊስ ወደ ሸዋ በር ላከ። እሱ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን ለተማርያምን አስጠርቶ፣ ከእሷ ጋር ከሟች አልጋ ሥር በርከክ አለ።

«ይህ የሽንት ፖፖ መቼ ነው የተደፋው?»

«ጠዋት እኔው አጥቤ ነው የመለስኩት።» ክዳኑን ከፍታ ፊቷን አዞረች። «ኧረ! ይህማ ሽንት አይደለም፤ መግልና ውሃ ነው።»

ሽፈራው እጁን ፍራሹ ሥር ሰደደ። እርጥብ፣ ቢጫ ያረፈበት የሆስፒታል ሸሚዝ ተጠቅልሎ ተወሽቋል። ዘርግቶ ሲያየው አንድ ነገር ተጣብቆበታል፤ ቁራጭ ፕላስተር። ሸሚዙን መልሶ ጠቀለለና ይዞት ተነሣ። አሁን ሁሉን አውቋል፤ ምነው ባላወቅሁ ብሎም ተመኘ።

ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ፣ አስከሬኑም ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ፣ በባዶው አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ዶክተሩ፣ ሲስተር ጽጌ፣ ለተማርያም፣ ወይዘሮ ብርነሽ። አው ዐብዱልገኒ ከአልጋቸው መነሣት ስለማይችሉ መጋረጃው ተገለጠላቸው።

«ከጠርሙሱ እንጀምር» አለ ሽፈራው። «ሲስተር ጽጌ ውሃ ረስታ ቢሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ የወረደው መግል ጠርሙሱ ውስጥ በተገኘ ነበር። ጠርሙሱ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ኋላ ነው የተደፋው። የደፋው ሰው ደግሞ አጥቦታል፣ ወልውሎታል። እሷ ብትሆን የራሷን ምልክት ወልውላ አትነቅልም። ፕላስተሩ ይኸውና፣ የተወለወለበት ሸሚዝ ላይ።»

ጽጌ አፏን በእጇ ያዘች።

«እንግዲህ ጠላት ነው እንበል። ለመግደል የመጣ ሰው ቡሹን ነቅሎ ይሄዳል እንጂ ጠርሙስ አጥቦ ያደርቃል? መወልወል የጥላቻ ሥራ አይደለም። ቀጥሎ፣ ውሃው የት ተደፋ? እግር ያለው ሰው መታጠቢያ ቤት ይወስደው ነበር። ይህኛው ግን አልጋው ሥር ባለው ፖፖ ደፋው፣ በራስጌው ማንቆርቆሪያ አለቀለቀው፣ በገዛ ሸሚዙ አደረቀው። አው ዐብዱልገኒ የውሃ ድምፅ ሰምተዋል፣ እግር ግን አላዩም። ከዚህ አልጋ ርቆ መሄድ የማይችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ራሳቸው?» አለ ዶክተሩ። «ራሳቸውን ገደሉ?»

«ራሱን የሚገድል ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሽቶ ለምኖ በር በር አያይም። ሰውዬው ቤት ያጸዱ ነበር፣ ዶክተር። እንግዳ ሊመጣባቸው ነው፤ ያላቸው ቤት ይህ አልጋ ብቻ ነው። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ቆሻሻውን ይደፋል፣ ዕቃውን ያጥባል፣ ንጹሕ ይለብሳል። ያንን ነው ያደረጉት።»

«ግን አይነካም ተብለዋል!» አለ ዶክተሩ።

«ለምን እንደማይነካ ማን ነገራቸው? እርስዎ ለእኔ ያስረዱኝ አንድ ሲጋራ ተጭሶ በማያልቅበት ጊዜ ነው። ገባኝም። ለእሳቸውስ?»

ዶክተር በቀለ ወደ ባዶው አልጋ ተመለከተ። «በሽተኛ... ይህን ማወቅ አያስፈልገውም ብዬ ነው» አለ።

«ትንፋሽ ሲያጥራቸው ለምን አልተጣሩም?» አለች ጽጌ እያለቀሰች። «ደወሉ እጃቸው ሥር ነበር። ብሰማ ኖሮ እሮጥ ነበር።»

«ቢደውሉ ትመጪያለሽ፤ ጠርሙሱንም ትመልሺዋለሽ። እሳቸው ደግሞ ልጄ አሁን ገባች፣ አሁን ገባች ይላሉ። መጥታ እስክትሄድ ልታገሥ አሉ።» አለ ሽፈራው። «ሲስተር ጽጌ፣ ነጻ ነሽ። በማን ፊት አፍረው ይህን እንዳደረጉ እኔ አልጽፍም።»

«ይጻፉት!» አለች ብርነሽ።

ሁሉም ዞሩ።

«ባለፈው እሑድ ስገባ ሽታው አፈነኝ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። አየኝ። ጸሐፊ ነበር እኮ፣ ኮሌታው ሳይተኮስ ደጅ የማይወጣ ሰው! ‹ይቅርታ ልጄ› አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም፤ ያኔ አለኝ፣ ለሽታው። እኔም ምንም ሳልመልስ ወጣሁ።»

ሽፈራው ዝም ብሎ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ ግን ሴትዮዋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ እሱም ሥራው ይህ ነው።

«አውቶቡሱ አልተበላሸም፣ ወይዘሮ ብርነሽ። ጠዋት ገብቷል።»

«ጠዋት ገብቷል» አለች እሷም። «ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አዘዝኩ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ምን ብዬ እንደምገባ ጠፋኝ። ትንሽ ልቆይ፣ የትም አይሄድ ብዬ...» ቀና ብላ ወደ ጽጌ ዞረች። «አንቺን ነፍሰ ገዳይ ያልኩሽ፣ ሌላ ሰው ካልተገኘ እኔ ልሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጽጌ እንባዋን ጠረገች። አንድ እርምጃ ወደ ሴትዮዋ ሄደችና ቆመች።

«እባካችሁ ብቻዬን ተዉኝ» አለች ብርነሽ።

ዶክተሩ ቀድሞ ወጣ፤ ለተማርያም ጽጌን በትከሻዋ አቅፋ ተከተለች። ሽፈራው ኮፍያውን ይዞ ወጣና በሩን መለስ አድርጎት ሄደ። ብርነሽ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

አው ዐብዱልገኒ መውጣት አልቻሉም። ስፌታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ በብዙ ሥቃይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩላት።